የቤት ኪራይ መያዣ ገንዘብ አደራ ስለ መሆኑ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ማደሪያ ቤት ነው። ቤት ያልሠራ ሰው ከባለቤቱ ተከራይቶ ይኖራል፤ ቤት የሠራም ሰው ቤቱን አከራይቶ ኑሮውን ይደግፍበታል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ስለ ሆኑ፥ በመካከላቸው የሚጻፈው ውል የከተማን ሰላም ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ነው። ውሉ የጠና ሲሆን ጉርብትና ይጸናል፤ ውሉ የላላ ሲሆን ግን ጠብና ክስ፥ ከዚያም አልፎ በልብ የሚቀመጥ ቂም በየመንደሩ ይበዛል።

ስለ ኪራይ መወደድና ተከራይን ከቤት ስለ ማስወጣት የሚነሣው ክርክር በየአደባባዩ ሲነገር ይሰማል። ድምፁ የማይሰማ ሌላ ክርክር ግን አለ፤ ይኸውም ተከራይ ቤቱን በሚለቅበት ቀን፥ ሲገባ በመያዣ ስም ለአከራዩ የሰጠውን ገንዘብ መልሶ ለማግኘት የሚደክመው ድካም ነው። ይህ ክርክር ድምፁ የማይሰማው ነገሩ ቀላል ስለ ሆነ አይደለም። ባለ ገንዘቡ ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር ስለሚሄድ፥ ለአንድ ሰው ብቻ ሲታይም ገንዘቡ ጠበቃ ለማቆምና ችሎት ለመመላለስ የሚበቃ ስለማይመስል ነው። ነገር ግን በወር ደመወዝ ለሚኖር ሰው የአንድ ወይም የሁለት ወር ኪራይ ማለት የሚቀጥለውን ቤት የሚከራይበት ገንዘብ ነው። ይህን በጊዜው ያላገኘ ሰው ወይ ይበደራል፥ ወይ ዕቃውን ይሸጣል፥ ወይም ልጆቹን ይዞ በዘመድ ቤት ይጠጋል። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት ብር ነገር ሳይሆን የቤተ ሰብ ኑሮ ነገር ነው።

ጉዳዩን ለመመርመር አስቀድሞ ስሙን መለየት ያስፈልጋል። በከተማ ልማድ ሦስት የተለያዩ ገንዘቦች በአንድ ስም እየተጠሩ ይደባለቃሉ። አንደኛው ቀብድ ነው፤ ውሉ እንደሚፈጸም ማረጋገጫ ሆኖ ይሰጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንዲያጣ፥ ቀብድ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ይደነግጋል። ሁለተኛው ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ይህ ገና ላልተኖረበት ወር የተከፈለ ኪራይ ስለ ሆነ ወሩ ሲደርስ የአከራዩ ገንዘብ ይሆናል። ሦስተኛው መያዣ ነው፤ በብዙ ሰው አፍ ዲፖዚት የሚባለው ይህ ነው። መያዣ ኪራይ አይደለም፤ የዕቃ ዋጋም አይደለም። ተከራዩ ዕዳ ጥሎ እንዳይሄድ ወይም ቤቱን እንዳያበላሽ ዋስ ሆኖ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በአከራዩ እጅ ቢገኝም የአከራዩ ሀብት አይደለም። ሦስቱ ሳይለዩ በአንድ ደረሰኝ ወይም ያለ ደረሰኝ የተሰጡ እንደ ሆነ ግን፥ በመጨረሻው ቀን አከራዩ «የከፈልኸኝ ኪራይ ነው» ይላል፤ ተከራዩም «ያስቀመጥሁት መያዣ ነው» ይላል፤ ዳኛውም የሚመለከተው ጽሑፍ ያጣል።

እዚህ ላይ የአከራዩንም እውነት መናገር ተገቢ ነው። ቤት በብዙ ድካም የሚሠራ ሀብት ነው። ከአከራዮቹ ብዙዎች ባለ ሕንፃ ባለጸጎች ሳይሆኑ፥ በግቢያቸው ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ሠርተው የሚያከራዩ ጡረተኞችና ባልቴቶች፥ ወይም የደረሳቸውን የኮንዶሚኒየም ቤት አከራይተው የባንክ ዕዳቸውን የሚከፍሉበት ሠራተኞች ናቸው። ተከራይ ኪራይ ሳይከፍል በሌሊት ቢወጣ፥ የመብራትና የውኃ ዕዳ ጥሎ ቢሄድ፥ በርና መስተዋት ሰብሮ ቢተው፥ ጉዳቱ በእነርሱ ላይ ይወድቃል። በአንድ ቈጣሪ ብዙ ተከራዮች በሚጠቀሙበት ግቢ ደግሞ፥ ሒሳቡ የሚመጣው ተከራዩ ከሄደ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ መያዣ መጠየቅ በራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ዋስ እንዲሆን የተቀመጠው ገንዘብ፥ የዋስነቱ ጊዜ ካለቀ በኋላ ለባለቤቱ ሳይመለስ ሲቀር ነው።

ገንዘቡ ሳይመለስ የሚቀርበት ምክንያት ሲመረመር ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፥ ተከራዩ ሲገባ የቤቱ ሁኔታ በጽሑፍ አለመያዙ ነው። በገባበት ቀን ግድግዳው የተቀባ ነበረን? የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያፈስ ነበርን? ሶኬቱ ተቃጥሎ፥ የመስኮቱ መስተዋት ተሰንጥቆ ነበርን? ቍልፉስ ስንት ነበር? ይህ ሁሉ ሳይጻፍ ከቀረ፥ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያስታውሰው የለም። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ይፈጸማል። ከዚህም ጋራ በአገልግሎት ማርጀትና በጥፋት መበላሸት ይደባለቃሉ። ቀለም በፀሐይ ቢደበዝዝ፥ የእንጨት በር በዝናም ቢያብጥ፥ ይህ ዘመን ያመጣው ነው፤ የቤቱም ባለቤት የሚቀበለው ኪራይ ይህን ጭምር የሚከፍል ነው። የተሰበረ መስተዋትና የጠፋ ቍልፍ ግን በተከራዩ ላይ ይቈጠራሉ። የፍትሐ ብሔር ሕግም ተከራይ ቤቱን እንደ ተረከበው አድርጎ እንዲመልስ ሲያዝ፥ በአግባቡ በመጠቀም የመጣውን ማርጀት በእርሱ ላይ አይጭንበትም።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘቡ በሚመለስበት ቀን አለመገኘቱ ነው። አከራዩ መያዣውን በተቀበለ ጊዜ ከኪራዩ ጋራ ቀላቅሎ ለጣራ ቆርቆሮ፥ ለልጅ ትምህርት ቤት ወይም ለሌላ ጉዳይ ያወጣዋል። ተከራዩ ሲለቅ «ሌላ ተከራይ እስኪገባ ታገሠኝ» ይለዋል። ይህም ማለት የፊተኛው ተከራይ መያዣ ከኋለኛው ተከራይ መያዣ ይከፈላል ማለት ነው። ሰንሰለቱ ሳይበጠስ እስከ ሄደ ድረስ ነገሩ አይታወቅም፤ ቤቱ ባዶ የሆነ ዕለት ግን ዕዳው ይገለጣል። እንዲህ ያለው አከራይ ሁልጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሌላውን ገንዘብ የራሱ አድርጎ የቈጠረ ቸልተኛ ሰው ነው። ነገር ግን የቸልተኛውም የክፉውም ሥራ ለተከራዩ አንድ ዓይነት ጕዳት ያመጣበታል።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት፥ በገንዘቡ የሚጠቀመው ሰው ራሱ ዳኛ መሆኑ ነው። ቤቱ ተበላሽቷል አልተበላሸም ብሎ የሚፈርደው አከራዩ ነው፤ የጥገናውን ዋጋ የሚገምተው አከራዩ ነው፤ ገንዘቡም በእጁ ስለ ሆነ ፍርዱን ወዲያው የሚፈጽመው እርሱ ነው። ተከራዩ ግን ገንዘቡን ለማግኘት ከሳሽ ሆኖ መቆም፥ ማስረጃ ማምጣት፥ ከሥራው መቅረት አለበት። ሰው በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሲሆን ደግ ሰው እንኳ ሚዛኑ ወደ ራሱ ያዘነብላል። ተከራዩም ይህን ስለሚያውቅ የመጨረሻውን ወር ኪራይ ሳይከፍል ቀርቶ «በመያዣው ተቻቻል» ይላል። ይህ የተለመደ መልስ ሆኗል፤ ነገር ግን ያለ አከራዩ ፈቃድ ሲደረግ የውል መፍረስ ነው፤ እውነተኛውንም አከራይ ያለ ዋስ ያስቀረዋል። እንዲህ አለመተማመን አለመተማመንን እየወለደ፥ የፊተኛው አከራይ የበደለው ተከራይ በኋለኛው አከራይ ላይ ይበቀላል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሊቃውንት አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ሰው የባልንጀራውን ልብስ በመያዣ ቢወስድ፥ ባለ ልብሱ በሌሊት የሚለብሰው ሌላ የለውምና ፀሐይ ሳይገባ እንዲመልስለት ያዝዛል። ኦሪት ዘዳግምም አበዳሪው መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያስተምራል። ኦሪት ዘሌዋውያን ደግሞ አደራ የተቀበለውን የካደ ሰው ዋናውን መልሶ አንድ አምስተኛ እንዲጨምር ይፈርድበታል። በእነዚህ ትእዛዞች ውስጥ ዛሬ የዓለም ሕግ ዐዋቂዎች የሚከራከሩባቸው ነጥቦች ሁሉ ይገኛሉ፤ መያዣ የሚመለስበት ቀን የተወሰነ መሆኑ፥ ባለ መያዣው ሥልጣኑ ድንበር ያለው መሆኑ፥ የካደም ሰው ከዋናው በላይ የሚከፍል መሆኑ። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ብድርና ስለ መያዣ፥ ስለ አደራና ስለ ኪራይ ለይቶ ይናገራል። በሕዝቡም ዘንድ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ አደራ በላ መባልም ከከባድ ስድብ የሚቈጠር ነው። እንግዲህ የጐደለው የሥነ ምግባር ትምህርት አይደለም፤ የጐደለው የኪራይ መያዣ ከአደራ ወገን መሆኑን ማስተዋልና ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ማቆም ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር በምን እንዳቃለሉት መመልከት ይጠቅማል። በአውስትራልያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ሀገር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. በወጣ ሕግ የኪራይ መያዣን የሚጠብቅ የመንግሥት ቦርድ ተቋቋመ። መያዣው ከአራት ሳምንት ኪራይ እንዳይበልጥ ተወስኖ፥ አከራዩ ለራሱ ማስቀረቱ ተከልክሎ በዚህ ተቋም ዘንድ ይቀመጣል። ተከራዩ ሲለቅ ሁለቱ ከተስማሙ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ካልተስማሙም የዳኝነት ጉባኤ ያያቸዋል። ከተጠራቀመው ገንዘብ የሚገኘው ወለድ ከፊሉ ለተከራዮች ምክር ለሚሰጡ ድርጅቶች ይውላል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቤት ሕግ ከሚያዝያ 6 ቀን 2007 ዓ.ም. (ሁሉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ጀምሮ፥ አከራዮች የሚቀበሉትን መያዣ በተፈቀደላቸው የጥበቃ ድርጅቶች ዘንድ እንዲያስጠብቁ አስገደደ። ዛሬ አከራዩ ገንዘቡን በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ ይህን ካልፈጸመ፥ ፍርድ ቤት ከመያዣው ልክ እስከ ሦስት እጥፍ ድረስ እንዲከፍል ሊፈርድበት ይችላል። ክርክር ሲነሣ ሁለቱ ቢስማሙ በድርጅቱ ያለ ገለልተኛ ዳኛ ያለ ክፍያ ያያቸዋል፤ ከመያዣው ሊቀንስ የሚፈልገውም አከራይ ምክንያቱን ማስረዳት የእርሱ ፈንታ ነው። በ2019 ዓ.ም. በወጣው ሌላ ሕግ፥ የዓመት ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ለሆነ ቤት መያዣው ከአምስት ሳምንት ኪራይ እንዳይበልጥ ተደረገ።

የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ በሌላ መንገድ ይሄዳል። መያዣው እስከ ሦስት ወር ኪራይ ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን ተከራዩ በሦስት ወር ከፋፍሎ እንዲሰጥ ይፈቀድለታል። አከራዩም ገንዘቡን ከራሱ ሀብት ለይቶ በባንክ እንዲያስቀምጠው ይገደዳል፤ ወለዱም ለተከራዩ ይጠራቀማል። ከሀብቱ መለየቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አከራዩ በዕዳ ቢወድቅ የእርሱ ባለ ዕዳዎች የተከራዩን አደራ እንዳይወስዱት ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ከተማም መያዣ ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም፤ አከራዩ ወለድ በሚያስገኝ ሒሳብ ያስቀምጠዋል፤ ተከራዩ ከለቀቀም በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ወይ ገንዘቡን መመለስ ወይም የሚቀንስበትን ምክንያት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። በአጐራባቹ በሜሪላንድም ከጥቅምት 2024 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ በሚደረጉ ውሎች መያዣው በአንድ ወር ኪራይ ተወስኗል። ወደዚያ የሄደ ኢትዮጵያዊ ይህን ሕግ አውቆ ቢገለገልበት ከብዙ ኪሳራ ይድናል።

ሥርዓት የሌለው መያዣ ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ በደቡብ ኮርያ የደረሰው ያስተምራል። በዚያ አገር ጆንሴ በሚባል ልማድ፥ ተከራዩ በየወሩ ኪራይ በመክፈል ፈንታ ከቤቱ ዋጋ ብዙውን ክፍል የሚያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለአከራዩ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓመት በኋላ ሙሉውን ይረከባል። አከራዩም በመካከሉ ገንዘቡን ይሠራበታል። የቤት ዋጋ እየጨመረ በሄደበት ዘመን ልማዱ ለሁለቱም የጠቀመ ይመስል ነበር። በዚህ ገንዘብ ብዙ ቤት የገዙ አከራዮች ግን በ2022 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የቤት ዋጋ በወረደ ጊዜ የሚመልሱት አጡ፤ ከእነርሱም መካከል አስቀድመው ለማታለል ያሰቡ ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመት በኢንቾን ከተማ ገንዘባቸውን ከተነጠቁት ወጣቶች ተስፋ ቈርጠው ነፍሳቸውን ያጠፉ ነበሩ። የአገሩም መንግሥት በዚያው ዓመት ለተጐዱት የሚሆን ልዩ ሕግ አወጣ። የሰው ሁሉ ቍጠባ በአከራይ እጅ ያለ ጠባቂ ከተከማቸ በኋላ የሚወጣ ሕግ፥ ከጎርፍ በኋላ እንደሚቆፈር ቦይ ነው።

ከእነዚህ አገሮች ሥራ አራት ነጥቦች ይገኛሉ። መያዣው ልክ የተወሰነለት ይሁን፤ ከአከራዩ ሀብት ተለይቶ ይቀመጥ፤ የሚመለስበት ቀን የተቈረጠ ይሁን፤ ከገንዘቡ እቀንሳለሁ የሚል ሰው ምክንያቱን እርሱ ያስረዳ። ከአራቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ ገንዘቡ በሦስተኛ እጅ ከተቀመጠ የቀሩት ሁሉ ቀላል ይሆናሉና።

በኢትዮጵያ የቤት ኪራይ ታሪክ በብዙ ለውጥ ያለፈ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ በሰፊው ደነገገ። ከዚያም በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ቤት ማከራየት ከግል ሰው እጅ ወጣ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌዎች፥ ከዚያ በላይ የሆኑትን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ያዙ። በዚያ ዘመን የግል አከራይና ተከራይ ክርክር እምብዛም ስላልነበረ የመያዣም ነገር ተረሳ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ የግል ኪራይ እንደገና ሲስፋፋ፥ ከተማው በፍጥነት አደገ፤ ልማዱን ግን ያበጁት በአብዛኛው ደላሎች ነበሩ። የስድስት ወርና የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ አከራይ የበዛውም በዚህ ጊዜ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በዚህ ረገድ ታላቅ እርምጃ ነው። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ በመንግሥት መዝገብ እንዲገባ፥ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዝዟል። እነዚህ ትእዛዞች ለመያዣውም ነገር መሠረት ናቸው። በባንክ የተላለፈ ገንዘብ ምስክር አያስፈልገውም፤ የተመዘገበ ውልም አይካድም። ነገር ግን መሠረት ከተጣለ በኋላ ግድግዳው መቆም አለበት። ከሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ በላይ በመያዣ ስም ሌላ ገንዘብ የሚጠየቅ ከሆነ የአዋጁ አሳብ በስም ለውጥ ይፈርሳል፤ የተሰጠውም መያዣ እንደ ልማዱ በአከራዩ ኪስ የሚቀመጥ ከሆነ የመጨረሻው ቀን ክርክር እንዳለ ይኖራል።

ስለዚህ የአስተዳደር ባለ ሥልጣኖች አዲስ መሥሪያ ቤት ሳያቆሙ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ አለ። አንደኛ፥ በሚመዘገበው ውል ላይ ቅድሚያ ክፍያና መያዣ በየራሳቸው መስመር እንዲጻፉ፥ የመያዣውም ልክ በአኃዝና በፊደል እንዲገለጥ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፥ የቤቱን ሁኔታ፥ የቍልፉን ብዛት፥ የመብራትና የውኃ ቈጣሪውን ንባብ የሚይዝ አንድ ገጽ ዝርዝር ከውሉ ጋራ እንዲያያዝና ሁለቱ እንዲፈርሙበት ማዘዝ ነው። ሦስተኛ፥ መያዣው በሁለቱ ፊርማ ብቻ በሚወጣ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ መደንገግ፥ ባንኮችም ለዚህ የሚሆን ቀላል ሒሳብ እንዲያዘጋጁ ማድረግ ነው። አራተኛ፥ ቤቱ በተለቀቀ በተወሰነ ቀን ውስጥ አከራዩ ወይ ገንዘቡን እንዲለቅ ወይም የሚቀንሰውን በደረሰኝ አስደግፎ በጽሑፍ እንዲያቀርብ፥ ይህን ካላደረገ የመቀነስ መብቱ እንዲቀር መወሰን ነው።

«አንዲት ክፍል የምታከራይ ባልቴት ይህን ሁሉ ሥርዓት እንዴት ትችለዋለች?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእንዲህ ያለው አነስተኛ ኪራይ መያዣ ሳይጠየቅ ቢቀር ይሻላል፤ የኪራዩ ቅድሚያ ክፍያ ብቻውን በቂ ዋስ ነውና። መያዣ ለመጠየቅ የሚያበቃ ዋጋ ያለው ቤት የሚያከራይ ሰው ግን የባንክ ሒሳብ ለመክፈት አያቅተውም። ቈጣሪ በጋራ በሚነበብበት ግቢም ሙሉውን መያዣ ለወራት ማገድ አያስፈልግም፤ በሚለቀቅበት ቀን ቈጣሪው ተነብቦ ለዚያ የሚበቃው ብቻ ቢቈይ፥ የቀረው ቢለቀቅ፥ ሁለቱም አይጐዱም።

ሥርዓቱ እስኪጸና ድረስ ደግሞ ተከራዩም የራሱን ፈንታ መወጣት አለበት። መያዣ ሲሰጥ በባንክ ያስተላልፍ፤ በማስተላለፊያውም ላይ «የቤት ኪራይ መያዣ» ብሎ ያጽፍ። ሲገባ ቤቱን ከአከራዩ ጋራ ዞሮ ይመልከት፥ ፎቶግራፍም ያንሣ። ለመልቀቅ ባሰበ ጊዜ በውሉና በሕጉ እንደ ታዘዘው አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቅ። በመጨረሻው ቀንም ቤቱን ጠርጎ፥ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ከፍሎ፥ ሁለት ምስክር ባሉበት ቍልፉን ያስረክብና ርክክቡን ያስፈርም። ገንዘቡ ካልተመለሰለት ወዲያው ወደ ጠብ ከመሄድ ይልቅ፥ የገንዘቡን ልክና የሚመለስበትን ቀን ጠቅሶ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጥ። ይህ ጽሑፍ ከንቱ አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ ዕዳው ከዘገየበት ጊዜ ጀምሮ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ በማስጠንቀቂያው መሠረት ነውና። በውል የሚጠየቅ መብት የሚቀርበት ጊዜም ሕጉ ሌላ ካልወሰነ 10 ዓመት ስለ ሆነ፥ ሰው ገንዘቡ በጥቂት ወር ዝምታ ጠፋብኝ ብሎ ተስፋ አይቍረጥ።

ከማስጠንቀቂያ በኋላና ከክስ በፊት የሽማግሌዎችና የካህናት ስፍራ አለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 እንደሚያሳየው፥ ዕርቅ በመንግሥት ሕግ የታወቀ መንገድ ነው። የንስሐ አባት የአከራዩንም የተከራዩንም ቤት የሚያውቅ፥ በሁለቱም ዘንድ የሚከበር ሰው ስለ ሆነ፥ ፍርድ ቤት በብዙ ቀጠሮ የሚጨርሰውን እርሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው ይችላል። ነገር ግን የሚያስታርቅ ሰው «ግማሹን ተወው፥ ግማሹን መልስ» ብሎ ማካፈል ብቻ አይገባውም። አደራ እንደ ሸቀጥ ዋጋ በመካከል የሚቈረጥ አይደለም። የጠፋው በዝርዝር ተቈጥሮ ይቀነስ፤ የቀረው ሙሉው ይመለስ። በአድባራትና በገዳማት ስም የሚከራዩ ቤቶችና ሱቆችም አሉና፥ የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎች በዚህ ቀዳሚ ምሳሌ ቢሆኑ፥ መያዣውን ለይተው ቢያስቀምጡና በቀኑ ቢመልሱ፥ ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስተምራሉ። የመንግሥት ቤት የሚያከራዩ መሥሪያ ቤቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ሌላውን የሚቈጣጠር አስቀድሞ በራሱ መዝገብ ይታያል።

አከራዩም ይህን ሥርዓት እንደ ጠላት ሊያየው አይገባም። መያዣው በሦስተኛ እጅ በተቀመጠ ጊዜ ተከራዩ የመጨረሻውን ወር ኪራይ አይከለክለውም፤ ገንዘቡ እንደማይጠፋበት ያውቃልና። ቤቱንም በእንክብካቤ ይይዘዋል፤ በደኅና የያዘውን ያህል እንደሚመለስለት ያምናልና። ደኅና ተከራይ የሚሸሸው አደራ በማይጠበቅበት ቤት ነው፤ በእንዲህ ያለ ቤት የሚቀረው ከመጀመሪያው ሊያታልል ያሰበ ብቻ ነው።

ከተማ የሚታወቀው በሕንፃው ርዝመትና በመንገዱ ስፋት ብቻ አይደለም። ከማያውቀው ሰው ጋራ ውል ያደረገ ሰው ገንዘቡን በቀኑ የሚያገኝበት ከተማ፥ እርሱ የሠለጠነ ከተማ ነው። በየዓመቱ ብዙ ወጣት ለትምህርትና ለሥራ ከገጠር ወደ ከተማ ይመጣል፤ ከከተማው ሰው ጋራ የሚያደርገውም የመጀመሪያ ውል አብዛኛውን ጊዜ የቤት ኪራይ ውል ነው። በዚያ ውል አደራው የተጠበቀለት ወጣት ሕግን ያምናል፤ አደራው የተበላበት ግን ሕግ ለጉልበተኛ የቆመ ይመስለዋል። ስለዚህ መያዣ ገንዘብን ከአከራዩ ኪስ አውጥቶ በታመነ ስፍራ ማስቀመጥ ለባለ ሥልጣኖች የአንድ መስመር ደንብ፥ ለሊቃውንት ደግሞ የአንድ ትምህርት ነገር ነው፤ ፍሬው ግን የብዙ ቤት ሰላም ነው።